በምትኩ

አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት ቁጥር ሰባት፤
ሦስት ሰዓት ላይ የያዝኩት ወረፋ ደረሰ፣ ለምሳ ሲቀር ሩብ ሰዓት።
ሊፍቱ «ጥገና ላይ» ካለ ዓመት ከመንፈቅ፣
ክላሴሬን አቅፌ በእግሬ ነው የወጣሁት ይህን ሁሉ ፎቅ።
ከመስታወቱ ማዶ ቸርችል ቁልቁል ይወርዳል፣ ወያላው «ለገሃር!» ይጣራል፤
ከመስታወቱ ወዲህ የእኛ ሁለት ሚሊዮን ብር አንድ መልስ ይጠብቃል።

«ሥራችሁ?»
«ወረቀት።»
«ምን ዓይነት ወረቀት?»
«የተጣለ። ከየቢሮው ለቅሞ መሰብሰብ፣
ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ ጨምቆ፣ ደብተር አድርጎ ማቅረብ።
አሥራ ስምንት ሴቶች ነን፤ ከአምባሳደር ጀርባ፣ ግቢው የቀበሌ፤
ትርፉ ተመልሶ ለሥራው ነው፣ ለእኔም አይደል ለባሌ።»
«ገንዘቡስ?»
«እሱማ ድጋፍ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት የላከው፣
መፍጫ ግዙበት፣ አርባ ወጣት አሠልጥኑበት ብሎ የለገሠው።»

ወይዘሪት ስንዱ አልሳቀች፣ አልተቆጣች። ውሉን ገለጠች።
እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች፣
አንቀጽ ሰባት ላይ ጣቷን አቆመች።
«በምትኩ ምን ሰጣችኋቸው?» አለች።

በምትኩ።
እኔ ይህቺን ቃል የማውቃት ልጅ ሳለሁ ነው፤
ጎረቤት ጨው ተበድሮ በማግስቱ ሽንኩርት ሲመልስ፣
ማንም ሳይጽፈው፣ ማንም ሳይከስ።
ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ አሥራ አምስት በመቶ አንግታ
ታየኛለች።

«ሦስት ሺህ ደብተር» አልኩ፤ ድምፄ አነሰብኝ።
«ለእነሱ?»
«ለስብሰባቸው።»
«ዋጋው?»
«ዋጋ የለውም፤ ከድጋፉ መሐል ዝም ብሎ ተጽፏል።»
«መሐል ስለገባ ሽያጭነቱ ይቀራል?
እሺ፣ ጀርባው ላይ ያተማችሁት ዓርማ?»
«ምስጋና ነው።»
«ማስታወቂያ አይደለም?»
«የሰጠን ሰው ስም መጥራት ሽያጭ ከሆነማ፣
ለማኙም ‹እግዜር ይስጥልኝ› ባለ ቁጥር ደረሰኝ ይቁረጣ!»

ከኋላዬ የተሰለፈ የሲሚንቶ ነጋዴ ሳቀ።
የሷ እስክሪብቶ ግን ቅንጣት አልተነቃነቀ።
ቀና ብላ፣ ገና አሁን አየችኝ፤
«ስማቸው ብቻ ከሆነ፣ ምስጋና ይሁንላችሁ» አለችኝ።
«ስጦታው ስጦታ ነው፣ መልስ እስካልጠበቀበት።
ደብተሩ ግን ደብተር ነው፤ ለዩት፣ ዋጋ አውጡለት፣
ደብዳቤ አድርጋችሁ አምጡልኝ፣ ማኅተም ይኑርበት።»
መስኮቱን ዘጋች። ምሳ ሆነ።

ደረጃውን ስወርድ በጣቴ አሰላሁ፦
ሦስት ሺህ በስልሳ፣ መቶ ሰማንያ ሺህ፤
አሥራ አምስት በመቶው፣ ሃያ ሰባት ሺህ።
የሰጪው መመሪያ፣ ገጽ ሃያ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ከዚህ ገንዘብ ላይ ግብር አይከፈል።»
አንዱ አልከፍልም ይላል፣ አንዱ አልተውም ይላል፣
የሦስት ሴት የወር ደመወዝ መሐላቸው ቆሟል።

እንግዳወርቅ ክንዷን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ነክራ አገኘኋት፤
እንደሆነው፣ ከላይ እስከ ታች ነገርኳት።
ዝም ብላ አንድ የራሰ ወረቀት አወጣች፤ ግማሹ ቀልጧል፣
ግማሹ የራሳቸው የገቢዎች አሮጌ ቅጽ፣ ማኅተሙ ውኃ ውስጥ አብቧል።

«ስሙ ማን ነው ያልሽኝ ግብሩ?»
«ተጨማሪ እሴት።»
«ማን ጨመረው እሴቱን?»
«እኛ።»
«እና ይኼን ያወቀልን እሷ ብቻ ናት?
ሰጪዎቹ በፎቷችን ሥር ‹ምስኪኖች› ብለው ጻፉብን፤
ይቺ፣ ምሳዋ ያለፈባት ሴት፣ ‹ሻጮች› አለችን።»

ሃያ ሰባት ሺውን ከየት እንደምናመጣው አላወቅንም፤
አሁንም አላወቅንም።
ግን የደረሰኙን ጥራዝ ከላስቲኩ አውጥታ
የመጀመሪያውን ቅጠል ጻፈች፤ ካርቦኑን አስገብታ።
እጇ ገና አልደረቀም ነበር፤
«ሻጭ» ከሚለው ቃል ጎን፣ እንደ ሁለተኛ ማኅተም፣
የአውራ ጣቷ ርጥበት ቀረ፤ ቢጠርጉትም አይለቅም።